ሰርግ በር ላይ የባረቀችው ጥይት

በእኛ ጊዜ ተኩስ የሌለበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር፣ ስሙኝማ ልጆች። ሙሽራው ብቅ ሲል ሰማዩ ይንጣጣል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ ባምባሲ ገበያ ድረስ ይሰማል። ጥይቷ ተመልሳ የት ትወድቃለች ብሎ የሚጠይቅ የለም። አላህ ነው የጠበቀን፣ ሌላ ማን አለን!

ታዲያ ሚሊሻ ሳለሁ ለሥልጠና ጠሩን። አሠልጣኟ ሴት ናት፣ ሳጅን ሐዋ ትባላለች፣ የአሶሳ የበርታ ልጅ ናት፣ ቁመቷ ከክላሿ ብዙም አይበልጥ። እኛ ሽማግሎቹ ተያየን እና "ደግሞ ጠመንጃ አያያዝ ልታስተምረን ነው?" ተባባልን። እሷ እቴ! "አባቶች፣ ጠመንጃ ዘመድ የለውም። መጀመሪያ ካርታ ይወጣል። ከዛ ይቀባበላል። ከዛ ጥይት የሚጎርስበትን አይን ያያል፣ ጣት ገብቶ ይዳስሳል። አፈሙዝ አፈር ያያል፣ ሰው አያይም" አለች።

ካርታ ያ ጥይት የሚደረደርበት ጎባጣው ነው፣ ታውቁታላችሁ። እና እኛ ስንሠራ የኖርነው ግልባጩን ነው! መጀመሪያ እናቀባብላለን፣ ከዚያ ካርታውን እንነቅላለን፣ ከዚያ ባዶ ነው ብለን ቃታ እንስባለን። ስናቀባብል አንዷ ጥይት ሹልክ ብላ ውስጥ ትገባለች፤ ካርታው ቢነቀል ባይነቀል እሷ ምን ገዷት፣ እዚያው ተቀምጣለች።

ቤቴ ተመለስኩና ከአጥሩ በር አጠገብ፣ ከማንጎው ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልቼ ደረደርኩ። መሣሪያ የያዘ ሁሉ አፈሙዙን ወደ አሸዋው አዙሮ ጥይቱን ሳያራግፍ አይገባም አልኩ። ሚስቴ ከድጃ ወጥታ አየችና "ሰውዬው፣ ለጠመንጃም እንደ ሶላት የሚዞርበት ቂብላ አወጣህለት?" አለችኝ። "አስተግፊሪ አንቺ ሴት፣ አላህ ይቅር ይበልሽ!" አልኳት፣ ግን እኔም ሳቄ መጣ።

እንግዲህ ልጄን ዘይነብን የምድርበት ቀን ደረሰ። የሙሽራው ወገን ከአሶሳ በአይሱዙ መጣ። ፊት ፊት የሚመራው አያ ይማም ነው፣ የሙሽራው አጎት፤ ልጁ አባቱ ሞቶበት ያሳደገው እሱ ነው። ጢሙን በሂና አቅልቶ፣ ክላሹን አንግቶ፣ ኩራቱ ሌላ ነው።

"እንኳን ደህና መጣህ አያ ይማም፣ እስቲ መሣሪያህን እዚህ አሸዋው ላይ አራግፍልኝና ግባ" አልኩት።

"ምን አልክ?"

"አራግፍልኝ።"

"ሰይዶ! ሽፍታ አደረግኸኝ? ሰርግ በር ላይ ጠመንጃ የሚያስፈታ አማች የት አይተሃል? ተነሱ፣ እንመለስ!"

ሙሽራው ፊቱ አመድ መሰለ። ኒካ የሚያስሩት ሸኽ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ሴቱ እልልታውን አቆመ፣ ልጄ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ወንድሜ በጆሮዬ "ተው አስገባው፣ ሰርጉ ሊፈርስ ነው" ይለኛል። እኔ በልቤ ያ ረቢ፣ ልጄንም እንግዳዬንም ጠብቅልኝ እላለሁ። "አያ ይማም፣ ዳሱ ውስጥ ያሉት የአንተም የእኔም ልጆች ናቸው" አልኩት። ፊቱን አዞረ። ሙሽራው ጉልበቱን ያዘና "አያ፣ በሞቴ!" አለው።

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? "እሺ! ኑ እዩ፣ ባዶ ናት!" ብሎ በንዴት ወደ አሸዋው ዞረ። ቀጭ ቀጭ፣ አቀባበለ። ካርታውን ነቀለ። እኔ "ኧረ ቆይ፣ ካርታው መጀመ..." ስል ቃታውን ሳበ፣ ድው!

አሸዋው ተበተነ፣ የማንጎው ቅጠል ረገፈ። ዳስ ውስጥ ያሉት ሴቶች ምን ያውቃሉ፣ እልልልል! አሉ። የደስታ ተኩስ መስሏቸው!

አያ ይማም መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ዳሱ ውስጥ ነበር የማራግፋት፣ ልጆቹ መሀል" አለኝ። ከዚያ "እናንተ ግቡ፣ እኔ በዚህ ፊቴ አልገባም" አለ። ሙሽራው ደግሞ "አንቱ ካልገቡ እኔም አልገባ!" አይል መሰላችሁ? ሰርጉ እንደገና ቆመ!

እኔም ሄጄ አጠገቡ መሬት ቁጭ አልኩ። "አያ ይማም፣ አላህ ያተረፈልንን ቀን በኩርፊያ አናበላሸው" አልኩትና እጄን ዘርግቼ እዚያው ዱዓ አደረግሁ። እሱም "አሚን" አለ። አሸዋውን ከጢሙ እያራገፈ ተነሳና "በአንድ ነገር ነው የምገባ። ከእንግዲህ እዚህ በር ላይ መሣሪያ የሚያስራግፈው እኔ ነኝ" አለኝ።

"ሹመቱ የአንተ ነው!" አልኩት።

ገባ፣ ኒካው ታሰረ፣ አልሃምዱሊላህ። እሱ ግን ወዲያው ተመልሶ በሩ ላይ ተገተረ። ምግቡን እንኳ እዚያው ወሰድንለት። ጩኸቱን ብትሰሙ! "ካርታ መጀመሪያ! አንተ ጎረምሳ፣ አፈሙዝህ ወዴት ነው? አሸዋው እያለልህ የኔን ሆድ ታያለህ?" አንዱ "አባት፣ እኔ እኮ ኃላፊ ነኝ" ቢለው "ጥይት ኃላፊ አታውቅም፣ አራግፍ!" አለው።

ሊሄዱ ሲሉ ያስቀመጥኩለትን ክላሹን አቀበልኩት። "ካርታውን ለብቻው ስጠኝ፣ ሙሽራ ይዤ ነው" ብሎ ከኪሱ ከተተው። ልጄም ከአጠገቡ ተቀምጣ ሄደች።

እና ልጆች፣ ጎርሷል የተባለውን ጠመንጃማ ሁላችንም እንፈራዋለን። ሰው የሚያስቀብረው ባዶ ነው የተባለው ነው።

"አባባ፣ የእኔ ሰርግ ሲደርስ በሩን ማን ይጠብቅልኛል?"

አንተ ትንሹ፣ አያ ይማም አለልህ አይደል! ግን ከወዲሁ ልንገርህ፣ ሙሽራም ቢሆን አይምርም፤ ሃሃሃ!