የነጎዲት ሁለት እናቶች

(የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ በሩ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው። የጀግናዋ ነጎዲት የኮሚክ መጽሐፍ ሥዕሎች ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ተሰቅለዋል፤ ነጎዲትን የፈጠረቻት አንጋፋዋ ሠዓሊ ዘርፈሽዋልና አሁን የምትሥላት ሕሊና ከሥሩ ጽሑፍ ያለበት የዘርፈሽዋል ፎቶ ፊት ቆመዋል።)

ዘርፈሽዋል፦ ይሄ «ነፍስ ይማር» የተጻፈው ለእኔ ነው?

ሕሊና፦ እትዬ ዘርፌ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል።

ዘርፈሽዋል፦ ይስማ። ሬሳ ሲናገር መስማት ሁልጊዜ አይገኝም። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ለመሆኑ ምን ገደለኝ?

ሕሊና፦ የጻፉት አዘጋጆቹ ናቸው።

ዘርፈሽዋል፦ ማን ነገራቸው?

ሕሊና፦ እኔ።

ዘርፈሽዋል፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። መጀመሪያ ልጄን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ነፍሴን።

ሕሊና፦ አልወሰድኳትም። እጅዎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አሳታሚው ነው የሰጠኝ።

ዘርፈሽዋል፦ አሳድጊያት ነው እንጂ አክሺያት ማን አለሽ? እኔ ስሥላት የወፍጮ ቤት ሴት ነበረች። ሹሩባዋ ጥብቅ ያለ፣ ክንዷ ጥርብ የመሰለ፣ ኩንታል ከነተሸካሚው የምታነሳ። ያንቺዋ ወገቧ በእፍኝ ይገባል። በዚህ ወገብ ነው ድልድይ ደግፋ የምታቆመው?

ሕሊና፦ በዚህ ወገብ ነው አገር ያወቃት። እርስዎ በጥቁር ቀለም ብቻ ነበር የሚሥሏት። ሰማይ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ዘርፈሽዋል፦ ሰማዩን አይቼዋለሁ። ያምራል።

ሕሊና፦ ምን አሉ?

ዘርፈሽዋል፦ ያምራል አልኩ፤ አልደግመውም። ለእኔ ደመና ሆኖልኝ አያውቅም። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ደመናሽን እያየሁ፣ «የእሷም እጅ በተንቀጠቀጠ» እል ነበር።

ሕሊና፦ ረገሙኝ?

ዘርፈሽዋል፦ አንቺ ገደልሽኝ አይደል? ለምን እንደገደልሽኝ ንገሪኝ።

ሕሊና፦ አንባቢ ልጆች ፈርሚልን ብለው ያረጀ እትም ይዘው ይመጣሉ። ስገልጠው የእርስዎ ነው። «ፊቷን እንደ በፊቱ አድርጊልን» ይሉኛል። ይሄን ሁሉ ዓመት ሥዬ! አንድ ቀን ጋዜጠኛው «የመጀመሪያዋ ሠዓሊ የት ናቸው?» ሲለኝ፣ «አርፈዋል» አልኩ።

ዘርፈሽዋል፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አለቀስሽ?

ሕሊና፦ ቀለለኝ። ለጥቂት ቀን ሥዬ የማላውቀውን ያህል አሳምሬ ሣልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ፊቷ እምቢ አለኝ። በየትኛውም በኩል ብሥላት በእርስዎ ዓይን ነው የምታየኝ።

ዘርፈሽዋል፦ እሰይ።

ሕሊና፦ ሰው ደጅ ተሰልፏል፣ እትዬ ዘርፌ። ጽሑፉን ልንቀለው?

ዘርፈሽዋል፦ ተይው። መጀመሪያ ያንብቡት፣ ከዚያ እኔን ይዩኝ።

ሕሊና፦ እኔስ ምን እላቸዋለሁ?

ዘርፈሽዋል፦ ዋሸሁ በያቸው። ከዚያ ፈርሚላቸው።

ሕሊና፦ አብረን እንፈርም። የፊርማው ጠረጴዛ ጋ ያለው ወንበር ግን አንድ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ አንቺ ቆመሽ ፈርሚ።