በሲጋራ ወረቀት የታሰረ ፊውዝ

በ1980 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መኪናችን አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባትቆም ኖሮ ከማሉዲንን አላውቀውም ነበር። እኔ ውባየሁ የምባል ጤና ረዳት ነኝ፤ የኩፍኝ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዘን ወደ አሳይታ እንወርዳለን። ሙቀቱ ያፈዛል፤ ሐዲዱ ከሩቅ ውሃ መስሎ ይንቀጠቀጣል፤ ነቅቼ ልሁን ተኝቼ እንጃ!

ሾፌራችን ጋሽ ተክለ ማርያም ግን ቸኩለዋል። አሳይታ የምታስተምረው ልጃቸው ሰርክአዲስ የዘጠኝ ወር ሕፃን አላት፤ ሰፈሯ ኩፍኝ ገብቷል። በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል። የቀድሞዋን መኪናቸውን ዓምና ሚሌ መንገድ ላይ ፀሐይ አነደዳት ተብሎ ይህችን አዲሷን ተቀብለዋል። እሷም የቀረው ነዳጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ በሰማያዊ ቁጥር የምታሳይ የጉዞ ኮምፒውተር አላት። ያቺው ኮምፒውተር ብልጭ ድርግም ስትል ቆይታ ጠፋች፤ ፊውዟም ተቃጠለ፤ ንፋስ የሚሰጠን ትንሹ ቬንትሌተርም አብሮ ስለቆመ ጋሼ መኪናዋን አቆሙ።

ጋሼ የሲጋራ ብር ወረቀት ፊውዙ ላይ ሲጠመጥሙ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ከሱቁ ብቅ አለ። ከማሉዲን ይባላል፤ የወሎ ልጅ ነው፤ ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሯል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን አያድርጉ» አለ።

«ምነው ልጄ? ሠላሳ ዓመት በዚሁ ነድቻለሁ እኮ!»

«ስንተኛው ፊውዝ ነው?»

«ሦስተኛው።»

«ወላሂ፣ አንድ ነገር እየነገረዎት ነው! ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ብሎ ነው። በወረቀት ካሰሩት ግን ቃጠሎው ወደ መኪናዋ ይዞራል።»

«ኧረ ተወኝ! እንደውም ያቺን ቀበጥ ኮምፒውተር ቁረጥልኝ። ነዳጄን በጆሮዬ አውቃለሁ። የልጅ ልጄ እየጠበቀችኝ ነው!»

«ለእሷ ብዬ ነዋ! ብንቆርጣት በሽታው አይድንም፤ የሚናገረው ነው ዝም የሚለው።»

ይህን ስሰማ የበሽተኛን ትኩሳት ላለማየት ቴርሞሜትር የሚሰብር ጤና ረዳት ታየኝ። ስንቶቻችን እንዲህ ነን!

«እሺ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ» አሉ ጋሼ።

ከማሉዲን ኮምፒውተሯን ነቀላትና በፊውዙ ቦታ አንዲት ትንሽ አምፖል አሰረ። አምፖሏ ቦግ አለች።

«አዩ ጋሼ? ኮምፒውተሯ ተነቅላም መብራቱ በራ። እሷ የለችበትም፤ ሽቦው አንድ ቦታ ብረት ነክቷል።»

ሽቦውን እያነቃነቀ ተከተለው። አንድ ቦታ ላይ ይዞ ከብረቱ ሲያላቅቀው አምፖሏ ጠፋች።

«ይህን ቬንትሌተር ማን ገጠመው?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኛ። ሙቀቱ ሊገድለኝ ሲል ከማታስፈልገዋ ማሽን ሽቦ ቀጠልኩለት።»

ለመቀጠል የላጡት ሽቦ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ጎማው ቀልጦ ጠቁሯል። ጋሼ በጣታቸው ነኩት፤ ጥቀርሻውን አዩ፤ ዞረውም የበረዶ ሳጥኑን አዩ።

«የልጅ ልጄን መድኃኒት በገዛ እጄ ላቃጥለው ነበር» አሉ።

ከማሉዲን ሽቦውን ቀየረ፤ ለቬንትሌተሩም የራሱን ሽቦና የራሱን ፊውዝ ሰጠው። ሰማያዊዋ ቁጥር ተመልሳ በራች።

ሰመራ ሜዳ ስንደርስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ምድሩ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ በዚያ ሁሉ ፍዘት ውስጥ የምትታየኝ ቁጥሯ ብቻ ነበረች። ሃያ ደረሰች፤ አሳይታ ግን ገና ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

«ጆሮዬ ይበቃል ይላል» አሉ ጋሼ። ጥቂት ነዱና ቆሙ። «ግን ሽቦው ሲቀልጥም ይሄው ጆሮዬ ምንም አልሰማም።» ወርደው ከኋላ ከጫንነው ጀሪካን ነዳጅ ሞሉ።

አሳይታ ስንገባ በረዶው ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ሕፃኗን አለሚቱን ስወጋት አገር እስኪሰማ ጮኸች፤ ጋሼ ደግሞ በደስታ አለቀሱ።

በወሩ ጋሼ የመሥሪያ ቤቱን ሾፌሮች ሰብስበው ወደ ከማሉዲን ሱቅ ወሰዷቸው።

«ፊውዝ ሲቃጠል መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ» አሏቸው። «ሃያ ደቂቃ ብትዘገዩ መኪናችሁም የጫናችሁትም በሰላም ይደርሳል፤ እናንተም ቤታችሁ ትገባላችሁ።»

ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

«ዓምና መኪናዬን ያነደዳት ፀሐይ አልነበረም።»