መልእክት አርባ አንድ

እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ? ልጆችሽ ደህና ናቸው? የታናሽየዋ ጥርስ ወጣላት? እሰይ! ይኸው ነው ደስታ። እኔማ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያዝ ያደርገኛል እንጂ። ኧረ በሞቴ አትነሺ! ሥራ አስኪያጁ እስኪያስጠሩኝ እዚሁ ጠረጴዛሽ ጥግ ቁጭ እላለሁ። ብቻ ያቺን የመስታወት በር ትንሽ ገርበብ አድርጊያት... አየር እንዲገባ ነው። ሊቃችን፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ከበሩ ማዶ ኮምፒውተራቸው ላይ አጎንብሰዋል፤ እሳቸውም ሰው ናቸው፣ አየር ያስፈልጋቸዋል።

ከፊትሽ ያለው ደብዳቤ የእኔ ነው አይደል? አትሸፍኚው፤ አንቺ ምን አደረግሽ፣ የታዘዝሽውን ጻፍሽ። «የትርጉም ሥራውን ባለማስረከብዎ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል።» አቤት ጽሕፈትሽ ሲያምር! ከስድስት ሰዓት በፊት ይፈርሙ ተብያለሁ፤ እፈርማለሁ፣ ምን ቸገረኝ? ስምንት ወር ሙሉ ለክሊኒኩ ስክሪን ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተርጉሜአለሁ። ሽንት በዕቃ ይዘው ይምጡ የሚለውን ሰው ሳያፍር እንዲያነበው ብዬ ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ግን ሊቃችን «ቃሉ አልደረሰኝም» ካሉ አልደረሳቸውም ማለት ነው። የተማረ ሰው ይዋሻል እንዴ? ያውም ክራቫት አስሮ?

ይልቅ ሰኞ ዕለት እንግዳ መቀበያው ነበርሽ? አልነበርሽም? ውይ፣ ምን የመሰለ ነገር አመለጠሽ! ታካሚው ራሱን የሚመዘግብበት አዲሱ ስክሪን በቋንቋችን ተከፈተ ተባለ። «ስምዎን ያስገቡ» ማለት ሲገባው ምን ቢል ጥሩ ነው? «መልእክት 41»። በቃ። ከሥሩ «መልእክት 42»፣ ከዚያ «መልእክት 43»። ፕሮግራሙ ቃሉን ሲያጣ የቃሉን መለያ ቁጥር ነው የሚያሳየው። አንድ አዛውንት ተራቸው መስሏቸው «አርባ አንድ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። ከኋላቸው የመጣችውም አርባ አንድ። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጎረምሳም አርባ አንድ። ነርሷ ብቅ ብላ «አርባ አንድ ማነው?» ብትል አዳራሹ በሙሉ ብድግ አላለም! አሥራ ዘጠኝ አርባ አንዶች! «እኔ ነኝ ቀድሜ አርባ አንድ የሆንኩት» ብለው ሊደባደቡ ሆነ እኮ! መሐረቤን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው ያመለጥኩት። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ስቄ አላውቅም፤ ምስጋናው የማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

ደግሞ ትጋታቸው! ሌላ ባለሙያ ቢሆን ስሕተቱ ምን እንደሚል አንብቦ በሩብ ሰዓት ይገላገል ነበር። እሳቸው እንዲህ ያለ አቋራጭ አይወዱም። ማሽኑን አጠፉት፣ አበሩት። ገመዱን ነቀሉት፣ ያንኑ ገመድ መልሰው ሰኩት። ማክሰኞ መስታወቱን በለስላሳ ጨርቅ ወለወሉት... እንዴት እንደጠራ ብታዪ! «መልእክት 41» ከመንገድ ማዶ ይነበብ ጀመር። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የእሳቸው ኮምፒውተር የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ነዋ! የባዕዱ ቃል ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ነው፣ ፋይል ፍለጋ አይወጣም። በእኛ ቋንቋ ግን አንድም ቀን ከፍተው አላዩትም። ቋንቋችንን ማስቸገር ስለማይወዱ ይሆናል፤ ጨዋ ናቸው።

ረቡዕ የስሕተቱን ወረቀት አተሙትና ማተሚያው ላይ ትተውት ሄዱ። ሰውየው ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ማንበብ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። እኔ ሥራ ፈት አሮጊት ነኝ፤ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ብጣሽ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። አነበብኩት። ስሕተቱ የዋህ ነው የኔ ልጅ፤ የሄደበትን ቤት፣ ያንኳኳውን በር፣ የላከችውን መስመር ሳይቀር ይናዘዛል። «ቃሎቹን በክሊኒኩ ስም ከተሰየመው ቤት ፈለግኳቸው፣ አጣኋቸው» ይላል፤ ቤት የምልሽ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ነው። የክሊኒኩ ስም? ቀና ብዬ ስክሪኑን ባይ ፕሮግራሙ የሚጠራው በክሊኒኩ ስም አይደለም። በማን ስም መሰለሽ?

አትሳቂ! ምን ነውር አለው? ሰው ልጁን በስሙ ያስጠራ የለ? እሳቸው ደግሞ ሌላ ሰው የወለደውን ፕሮግራም በስማቸው አስጠሩ። በገቡ በወሩ ነው አሉ፤ ከሥራቸው ሁሉ ቶሎ ያለቀው ይኼ ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባል የለ... ጎረቤት ካልተነገረው ግን ምኑን ይቀበላል? የቤቱን ሁሉ ስም ቀይረው አንዲት መስመር ረሱ። የእኔ ቃሎች አዲሱ ስም ያለበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ ያቺ መስመር ግን ፕሮግራሙን ዛሬም በድሮው ስም ትልከዋለች። ይሄዳል፣ ያንኳኳል፣ ሰው የለም፤ «አልተገኘም» ብሎ ይመለሳል።

እኔ ይኼን ነገር አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሰው አገር ስኖር ቤት ቀይሬ ለወንድሜ ሳልነግረው ቀረሁ። በድሮው አድራሻ ይጽፍልኛል፣ «ተቀባይ አልተገኘም» እየተባለ ይመለስለታል። በኋላ ሞታለች ብሎ እርሙን አወጣ። እኔ እኮ ሁለት መንገድ ተሻግሬ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ለምን አይጽፍልኝም እያልኩ አኮርፍ ነበር... ተይው። ስለ ሊቃችን ነበር የማወራሽ።

እና ምን ልልሽ ነው፣ መድኃኒቱ አንዲት መስመር ናት። ቋንቋ የሚመረጥበት ፋይል ውስጥ፣ ከላይ ሦስተኛዋ መስመር። የድሮውን ስም በአዲሱ መተካት ነው፣ በቃ። ጮክ አልኩ እንዴ? ጆሮዬ ከብዶ ነው፤ የደነቆረ ሰው ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋል። ሦስተኛዋ መስመር ነው ያልኩት...

እስቲ ዝም በይ፣ ስሚ! ቁልፎቹ መንጫጫት ጀመሩ። ሦስት ቀን ድምፃቸው ያልተሰማ ጣቶች! እጃቸው ይባረክ።

አንቺ፣ ዶሮ ጭራ ጭራ... ምን ነበር የምታወጣው? ረሳሁት፤ እርጅና ክፉ ነው። እያንጎራጎርኩ ጠዋት አንዲት ወረቀት በሥራ አስኪያጁ በር ሥር ማስገባቴን አልነገርኩሽም ለካ። ክስ አይደለም፣ እኔ ሰው አልከስም። ጥያቄ ናት። «ቃሎቹ ካልደረሱ ስክሪኑ በቋንቋችን ሊናገር አይችልም። ዛሬ ከተናገረ ግን፣ ያዳነውን ሰው ቃሎቹን ከየት እንዳመጣቸው ይጠይቁልኝ።» ይችው ናት።

እዪው! እዪው ስክሪኑን! «እንኳን ደህና መጡ። ስምዎን ያስገቡ።» የእኔ ናት! «እንኳን ደህና መጡ» የምትለዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በባዕዱ ላይ የለችም፣ ሰው ታሞ ሲመጣ ሰላም ይባል ብዬ ነው የጨመርኳት። የሰኞዎቹ አርባ አንዶች ዛሬም መጥተዋል፣ ተመልከቻቸው፣ ያጨበጭባሉ እኮ! አዛውንቱ ስማቸውን በአንድ ጣት እየለቀሙ... ኧረ ልሞት ነው በሳቅ!

ሥራ አስኪያጁም ወጡ። ስክሪኑን አዩት። ወረቀቴ እጃቸው ላይ አለች። እኔን ይጠሩኛል ስል... ጣታቸውን ወደ መስታወቱ በር ቀሰሩ። ሊቃችንን ነው። ይገባቸዋል! ሦስት ቀን የተሰወረ ነገር በሦስት ደቂቃ አግኝተው አይመሰገኑም? አየሽ ሲያልፉ፣ ሰላም እንኳ አላሉኝም፤ ሐሳብ ላይ ናቸው። ክራቫታቸውንም ላላ አደረጉት። አየር ያስፈልጋቸዋል ብዬሽ አልነበር?

በሩም ተዘጋ። በይ እኔም ልነሣ፣ ጉልበቴ ዛሬ ቀሎኛል። ደብዳቤውን ግን እንዳትቀጂው፤ እንዲህ የሚያምር ጽሕፈት ያሳዝናል። ምናልባት ከሰዓት በፊት ይፈለግ ይሆናል፤ ያኔ ስሙን ብቻ ቀይሪው። ስም መቀየር ቀላል ነው አሉ። ብቻ አንድም መስመር ሳትረሺ።

ለእሳቸው ምን እመርቃለሁ? ከልቤ ነው የምመርቃቸው፣ አንቺም አሜን በይ። እንዲህ ያስጠሩትን ስማቸውን በየበሩ ያጽፍላቸው። እንደ ቃሎቼም ያድርጋቸው፤ ከእንግዲህ ከቤታቸው ሳይወጡ የሚፈለጉ ሰው ያድርጋቸው።