የኦቦ ኢቲቻ ጥሬ ወተት

የሱሉልታ ጉም ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ ከብቱም ዛፉም ከመሬት ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል። እኔም ያልጨረስኩትን ሕልም ፍለጋ የወጣሁ ይመስል እዞራለሁ። አንድ ማለዳ እንዲሁ ስባዝን ከጎረቤቴ ከኦቦ ኢቲቻ በር ደረስኩ። ሽማግሌው ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ በእጃቸው አሁን የታለበ ወተት ይዘዋል። ግቢያቸው ተከራይታ የምትኖረው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሰብለወርቅ መንገድ ዘግታባቸዋለች።

«አካም ቡልተኒ፣ መምህር። እስቲ ዳኘን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ደጊቱ ልትወልድ ከቡራዩ ወደ አባቷ ቤት መጥታለች። ዓምና የስድስት ወር ፅንስ ጨንግፎባታል። ዘንድሮ እንድትጠነክር ብለው አባቷ በየማለዳው ጥሬ ወተት ሊያጠጧት ቆርጠዋል፤ ዓምናም ቡራዩ ድረስ ይልኩላት ነበር። ላሞቻቸው ግን ዓምናም ዘንድሮም ጥጃ ጨንግፎባቸዋል፤ የሞተውን ጥጃ ጎትተው ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ያውም በባዶ እጃቸው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያተኩሳቸዋል፣ ያልባቸዋል፣ ወገባቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ሲነጋ ቀለል ይላቸዋል። እሳቸው ብርድ ነው ባይ ናቸው።

ሰብለወርቅ ላሞቹን ያስጨነገፈው ባክቴሪያ ወተቱ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ይፍላ ብትል፣ ኦቦ ኢቲቻ ወተቷ እሳት ላይ የተጣደባት ላም ጡቷ ይደርቃል ብለው የአባቶቻቸውን ቃል ጠቀሱ።

«ደግሞስ፣ ዓይን የማያየው ነገር ሰውን የሚያህል ፍጥረት እንዴት አድርጎ ይጥላል?»

«ተደብቆ ነዋ፣ አባባ» አለች። «በደማችን ውስጥ ዘበኞች አሉ፤ ባዕድ ነገር ሲያገኙ ይውጡታል። ብዙው ባክቴሪያ ተውጦ ይሞታል። ይሄኛው ግን የዋጠው ዘበኛ ሆድ ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ይራባል። ዘበኛው ራሱ ተሸክሞ ወደ መገጣጠሚያ፣ ወደ ጉበት፣ ለእርጉዝም ወደ ማህፀን ያደርሰዋል። ማታ ማታ የሚያተኩስዎት ሰውነትዎ ሲታገለው ይመስለኛል።»

ጠላትን የገዛ ዘበኛ አዝሎት ሲዞር ታየኝና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ። ጉሙ ውስጥ ላሞቹ ሲያመነዥኩ ይሰማል። ሽማግሌው ወተቱን ትክ ብለው አዩት።

«እንግዲያ የዓምናውን የልጅ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«ያንን ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም» አለች ሰብለወርቅ ቀስ ብላ። «ዓምና የነገረዎት ሰው አልነበረም። አሁን ግን ሰምተዋል።»

የእኔን ዳኝነት የፈለገ አልነበረም። ኦቦ ኢቲቻ ድስት አስመጥተው ወተቱን ራሳቸው ጣዱት፤ እስኪንተከተክም ከአጠገቡ አልተነሡም። ያንኑ ዕለት አባትና ልጅ ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸው ተመረመረ። የእሳቸው በሽታ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ፤ ሳምንታት የሚፈጀውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ወስደው ዳኑ። የደጊቱ ደም ንጹሕ ነበር። ላሞቹንም የእንስሳት ሐኪም መርምሮ የታመሙትን ለየ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ወተት ሳይፈላ አይጠጣም፤ የጨነገፈ ጥጃም ያለ ጓንት አይነካም፣ እርጉዝ ሴትም አትጠጋውም። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ነው ቤት የሚያድነው።

ደጊቱ ወር ሞልቶላት ሴት ልጅ ወለደች። ልንጠይቃት ስንሄድ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ እናቷ እሹሩሩ ልትላት ስትነሣ ኦቦ ኢቲቻ እጇን ያዙ።

«ተያት፣ ታልቅስ» አሉ። «ድምጿን ልስማ።»