በሁለት ጫፍ የተያዘው ገመድ

ከቡሬ፣ ከያዮና ከኖፓ ድረስ ጭቃውን ጥሳችሁ ለቅሶ ልትደርሱን የመጣችሁ ወገኖች፣ አስከሬናቸው ወደ መቃብር ከመውረዱ፣ ዝናቡም ከመድረሱ በፊት፣ የመቱ ሰው «ጋሼ ባሕር ኃይል» ሲላቸው የኖረውን የአቶ ዳምጤ መክብብን ዜና ሕይወት እኛ የእድራቸው ሽማግሌዎች እንዲህ እናሰማችኋለን።

አቶ ዳምጤ ከአባታቸው ከአቶ መክብብ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊቺ ጉቱ በ1950 ዓ.ም. በዚሁ በእኛው አገር በቡሬ ተወለዱ። አባታቸው ለንግድ ከሰሜን መጥተው በዚያው የቀሩ፣ እናታቸው ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ስለነበሩ፣ ተግሣጹን በአማርኛ፣ ጨዋታውንና ምርቃቱን በኦሮምኛ እየሰሙ አደጉ። በቡሬ ፊደል ቆጥረው፣ በመቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ ከሶር ወንዝ የሰፋ ውኃ አይተው ሳያውቁ በ1969 ዓ.ም. ባሕር ኃይልን ተቀላቀሉ። እናታቸው «ልጄን ውኃ ሊበላብኝ ነው» ብለው ከል ሊለብሱ ጥቂት ነበር የቀራቸው።

በምጽዋ ሠልጥነው በመርከብ ላይ የገመድና የመልሕቅ ሥራ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሱ። አንድ ጊዜ የተሳፈሩባትን ጀልባ ማዕበል ገልብጦባቸው ከጓዶቻቸው ጋር በአንድ ገመድ ተያይዘው ሲንገላቱ፣ ቅዱስ ሚካኤልን «ከዚህ አውጣኝ እንጂ ልጅ ብወልድ በቤትህ አሳድገዋለሁ» ሲሉ ተሳሉ። ወጡም። ስለቱ ከአንገታቸው ማዕተብ እኩል ዕድሜ ልካቸውን ያልተለያቸው ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ የባሕር ኃይሉ ሰው ሲበተን ወደ መቱ ተመለሱ። ባሕር በሌለበት አገር የመርከበኛ ሙያ ምን ይበጃል ላለ ሁሉ መልሱን በሥራ ሰጡ፤ የያዮን ቡና በሚያጓጉዙ የጭነት መኪኖች ላይ ሸራ አሳሪ ሆነው፣ በዚህ በእኛ ዝናብ እርሳቸው ያሰሩት ሸራ ውኃ አስገባ ሲባል አልተሰማም። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሀረገወይን ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ዶሪን፣ ጊፍቲንና ትህትናን ወለዱ። ቅዳሴ አያስታጉሉም፣ ጾም አያፈርሱም፣ ልጆቻቸውንም በየሰንበቱ እጃቸውን ይዘው ወደዚሁ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያመጡ ነበር።

እድራችን በገቡ ጊዜ የሆነውን የማያስታውስ አባል የለም። በመጀመሪያው ለቅሶ የድንኳኑን ገመድ በመርከበኛ ደንብ ቋጥረውት ኖሮ፣ በሣልስቱ ድንኳኑ ሲነሣ እርሳቸው ከቡና ጭነት ጋር መንገድ ላይ ስለነበሩ፣ የሚፈታው ሰው ታጥቶ ጎረምሶቹ በቢላዋ ቆራረጡት። ሲመለሱ የተቆጡትን ቁጣ ያየ ሁሉ ማዕበሉ መቱ ድረስ ተከትሏቸው መጣ ብሏል! «ገመድ ይፈታል እንጂ አይቆረጥም» ብለው፣ ከዚያ ወዲያ ድንኳን መጣሉን ራሳቸው ያዙና የበኩር ልጃቸውን ዶሪን አስተማሩት። አባት በአንዱ ጫፍ፣ ልጅ በሌላው ጫፍ ቆመው፣ በለቅሶ መካከል መጮህ ነውር ስለሆነ በገመዱ ይነጋገሩ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሲሳብ አጥብቅ፣ ሁለት ጊዜ ሲሳብ ቋጥር ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ዶሪ ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በአገራችን እንዲህ ያለው ነገር በስንቱ ቤት ገብቷል፤ አቶ ዳምጤን ግን ስለታቸው በልጃቸው እጅ የፈረሰ መስሏቸው አጥንታቸው ድረስ ዘለቃቸው። ዶሪን አላነጋግርም አሉ። ሽማግሌ ብንልክም አልሆነም። ወይዘሮ ሀረገወይን ባላቸው ለገመድ የሰጡትን ትዕግሥት ለልጃቸው እንደነፈጉት ፊት ለፊት ነግረዋቸው ሳለ እንኳ አልተመለሱም። ሆኖም ለቅሶ በተነገረ ቁጥር ዶሪ ሳይጠራ መጥቶ ሁለተኛውን ጫፍ ይይዝ፣ አባትም ሳያዩት ገመዱን ይስቡለት ነበር። ለዓመታት በመካከላቸው ሌላ ንግግር አልነበረም። እኛም አጠገባቸው ካስማ እንመታ ነበር።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጠንቶባቸው ጅማ ድረስ ታክመው ተመለሱ። ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው ዶሪ አባቱ ይዘው የሚነሡበትን ገመድ በጣሪያው ወራጅ ላይ አሳልፎ፣ ጫፉን በረንዳው ምሰሶ ላይ አስሮ፣ እርሱም በዚያው በረንዳ ተቀመጠ። እርሳቸው በገመዱ ይነሣሉ፣ ያሰረውን ግን አይጠሩም። የነፍስ አባታቸው ቄስ ደርበው ይህን አይተው፣ የተሳሉት ልጅ ሊያሳድጉ እንደ ነበር፣ ማሳደጉንም እንዳሳደጉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በእግዚአብሔርና በልጁ መካከል እንደሆነ ገልጠው ነገሯቸው። ቄሱ ከወጡ በኋላ ገመዱ አንድ ጊዜ ተሳበ።

ዶሪ ሮጦ ገብቶ ሊያጠብቅ ሲል፣ በእናታቸው ቋንቋ «ኮቱ» አሉት፤ ና ማለታቸው ነው። አባትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ዶሪ ሃይማኖቱን አልለወጠም፣ አባቱም ይህን አልጠየቁትም፤ የቀረውን ጊዜ ሲያጥባቸውና ሲያጎርሳቸው ከረመ። ከትናንት በስቲያ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ እጃቸው በገመዱ ላይ እንዳለ፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ዳምጤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀረገወይንን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከዚህ ስንመለስ የምንቀመጥበትን ድንኳን ዛሬ ጠዋት ስንጥል፣ የአባትየውን ጫፍ ለመያዝ የደፈረ ስላልነበረ፣ ዶሪ የራሱን ቋጥሮ ሲያበቃ ተሻግሮ ያንንም ቋጥሮታል። እንግዲህ በሣልስቱ ማንም ቢላዋ ይዞ እንዳይመጣ፤ የሚፈታው አለ።

ከማዕበል ያወጣቸው ቅዱስ ሚካኤል ዛሬም ነፍሳቸውን ወደ ዕረፍት ዳርቻ ያድርስልን፤ ለቀሪዎቹም እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥ። አሜን።