የድንበሩ ረድፍ ማንጎዎች

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው የአፈር ባለሙያና የማንጎ ገበሬ፣ ከማንጎ ገበሬው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት የቤቱ በኩር ሆነው ተወለዱ። በአራተኛው ዓመት ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ተከተለ፤ እናታቸው ሲያጫውቱ እንደኖሩት፣ ገና ድክ ድክ ሳይል የታላቁን ጫማ ካላደረግሁ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ነበር።

በእርሻ ኮሌጅ የአፈር ትምህርት ተከታትለው በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ በአፈር ምርመራ ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል፤ እዚያው ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። አባታቸው ሲያርፉም ተመልሰው እርሻውን ከወንድማቸው ጋር እኩል ተካፈሉ።

መሬቱ የአንድ አባት፣ ውሃው የአንድ ቦይ ሆኖ ሳለ የእሳቸው ማንጎ ሥጋው ጠንካራ፣ ጣዕሙ ማር ሲሆን ጊዜ ታናሽየውን ቅናት አንጀቱን በላው። እበልጣለሁ ብሎ ዩሪያውን በላይ በላዩ ቢያፈስ፣ ዛፎቹ ቅጠል በቅጠል ሆኑ፤ ፍሬው ግን ለዓይን እየገዘፈ፣ ለአፍ ውሃ ውሃ እያለ፣ ገበያ ሳይደርስ እየበሰበሰ ነጋዴ ይመልስበት ጀመር። እሳቸው ዩሪያውን እንዲቀንስ፣ ከለቀማ በኋላም ብስባሽና የእንጨት አመድ ከግንዱ ራቅ አድርጎ ቢቀብር ፍሬው እንደሚጠነክርና እንደሚጣፍጥ ቢመክሩት፣ እንዳልበልጣቸው ነው እያለ ምክሩን ገልብጦ ሲሠራ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ከእርሻው መልካም ፍሬ የሚሰጠው በድንበሩ ላይ ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነበር፤ ለነጋዴ የሚያስቀምሰውም ከዚያ ነው፤ የሙያዬ ምስክር ይኸው እያለም ይኩራራበት ነበር።

እኒህ ሰው የዛሬ ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። በዘንድሮው ለቀማ ያ የድንበር ረድፍም እንደሌላው ውሃ ሆነ። ታናሽ ወንድማቸው በቅናት መርዝ አስደፍተውብኛል ብሎ እየዛተ አልጋቸው ድረስ ዘለቀ። እውነቱን የነገሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ በየዓመቱ እሱ ምርቱን ጭኖ ከተማ በሚሰነብትበት ሳምንት፣ ድንበር ተሻግረው ብስባሹንና አመዱን ሲቀብሩለት የኖሩት ሕመምተኛው ራሳቸው ነበሩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ምን ላድርግ ወንድሜ፤ አንተ ስታኮርፈኝ ዛፎችህ አላኮረፉኝም» አሉት።

ታናሽየው በዚያች ሰዓት አላለቀሰም። ሐሰት በሬሳ ፊት አይነገርምና፣ በማንጎው መበለጤ አንሶ በደግነትም ተበለጥኩ ብሎ ቀና፤ ይቅርታም ሳይጠይቅ ወጣ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ሲል፣ ትናንት ጠዋት ማረፋቸውን ሰማ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይቅርታው አፉ ላይ የቀረበትን አንድ ወንድማቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።