መዶሻውን ራሱ የሚገዛ ሰው

በጥር ወር መጨረሻ፣ የበግ ገበያ በሚውልበት ቀን፣ ራልፍ አልደርሰንን ከገበያው ሻይ ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አገኘሁት። ጠጋ ብዬ ባነበው ፒክአፑን ሊሸጥ ነው። ራልፍ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ እየደረደረ የግጦሽ መስክ የሚያጥር ሰው ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ ባለው በስዌልዴል ሸለቆ እጁ ያላረፈበት አጥር ጥቂት ነው። ፒክአፕ የሌለው አጥር ሠሪ ደግሞ በሬ የሌለው ገበሬ ማለት ነው። ምን ነክቶህ ነው ስለው፣ የግብር መክፈያው ሊያልፍ አራት ቀን ቀረው፣ ገንዘቡ የለኝም፣ ከእንግዲህ ከተማ ወርጄ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እሸከማለሁ አለኝ። ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነው።

እኔ በዚህ ሸለቆ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ሰው ሲሳሳት አይቼ ማለፍ አልችልበትም፤ ባለቤቴ ይህን በሽታህን ታከም ትለኛለች። እጁን ይዤ ሻይ ቤት አስገባሁት። ደግነቱ የእህቱ ልጅ ሩበን ምሳውን ሊበላ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሩበን አጥር መሥራት ከራልፍ ተምሮ፣ ኋላ ሙያውን ትቶ ከገበያው ማዶ ባለ የሒሳብ ቢሮ የተቀጠረ ጎልማሳ ነው።

ራልፍ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ሞልቶ ገና ያልላከውን የግብር ቅጽ አትሞ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ሩበን ተቀብሎ አነበበና የሚበላውን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ገቢ ሃያ ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ። ወጪ ባዶ። አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እውነቱ ነዋ።»

«ነዳጁስ? ጎማውስ? ኢንሹራንሱስ? መዶሻውስ?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው። አባቴ መዶሻውን ራሱ ገዛ፣ እኔም ራሴ ገዛሁ። መዶሻ ግዙልኝ ብዬ መንግሥት ደጅ አልጠናም።»

እንግዲህ ይህን ሰው ምን ያደርጉታል? ሌላው ሰው ግብር ለመሸሽ ሲደበቅ፣ የኛ ጉድ የማይጠየቀውን ተሸክሞ ወጥቶ ይከፍላል፤ ከፍሎም በዚያ ይኮራል።

«ማንም መዶሻ አይገዛልዎትም» አለ ሩበን በትዕግሥት። «ግብር የሚከፈለው ከትርፍ ላይ ነው እንጂ በእጅዎ ካለፈው ሁሉ ላይ አይደለም። ለነዳጅ የሄደው ገንዘብ እርስዎ ጋ አላደረም፤ አልፎ ሄደ። ሕጉ ራሱ ቀንሱት ነው የሚለው።»

ራልፍ ጭራሽ አልሰማውም። አንድ ጎረቤቱን አነሳ፤ ሰውየው ስፔን ሄዶ የተዝናናበትን ሁሉ የሥራ ወጪ ነው ብሎ ይጽፋል። ወጪ መጻፍ ማለት ይሄ ነው፣ የሌባ ሥራ ነው አለ። ሩበን የስፔኑ ሌብነት ነው፣ የነዳጁ ግን ሒሳብ ነው ብሎ ቢያስረዳው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔም በተራዬ፣ በግ አርቢ የመኖውን ወጪ ሳይቀንስ አተረፍኩ ይላል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«እኔ በግ አላረባም፣ መምህር።»

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ተገናኝተው ነበር። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ደሜ ፈላ። ልነሳና ልሄድ ስል ራልፍ ደረቱን ነፍቶ፣

«እኔ በዚህ ሸለቆ ውስጥ በአንዲት ሳንቲም የጎዳሁት ሰው የለም» አለ።

ሩበን ቅጹን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እኔን ጎድተውኛል» አለ።

ራልፍ ቀና ብሎ አየው።

«ወጪዎትን ስለማይጽፉ አያውቁትም። ስለማያውቁት ዋጋ ሲናገሩ አያስቡትም። አንዱን ሜትር በሠላሳ ፓውንድ ይሠራሉ፤ ሠላሳ ፓውንድ ሰው አያኖርም። እኔ ብቻዬን ስጀምር አርባ አምስት አልኩ። በየደጁ ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹ራልፍ በሠላሳ ይሠራል፤ አንተ ከመምህርህ ትበልጣለህ?› ሁለት ክረምት ቻልኩት። ከዚያ ዕቃዬን ሸጥኩ። አጥር ሠሪ የነበሩት የቤይንብሪጅ ልጆችም እንደዚሁ፤ ሁለቱም ዛሬ የጭነት መኪና ይነዳሉ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? እርስዎ ሐቀኛ ሰው ነዎት። ሐቀኛን ሰው ምን ብዬ ልክሰስ?»

እዚህ ላይ እኔም መናገር አለብኝ። ያን ቃል ለሩበን ከተናገሩት አንዱ እኔ ነኝ። በገዛ ደጄ ላይ ቆሜ፣ ራልፍ በሠላሳ ይሠራል ብዬ መልሼዋለሁ፤ ማታም ለባለቤቴ እንዴት እንደተከራከርኩ እየሳቅኩ አውርቻለሁ። ሩበን ግን ይህን እያወቀ ወደኔ ዞር እንኳ አላለም። አፈርኩ።

ራልፍ ተነሳ፤ ወጥቶ ማስታወቂያውን ቀደደ። ተመልሶም «ከየት ነው የምንጀምረው?» አለ።

ደረሰኝ አስቀምጦ አያውቅም፤ ቢሆንም ነዳጁም ጎማውም በባንክ ካርዱ የተከፈለ ስለነበር ከባንኩ መዝገብ ተገኘ። ወጪው ዘጠኝ ሺህ ገደማ ሆነ፣ ግብሩም ከሁለት ሺህ ፓውንድ በላይ ቀነሰ፤ የቀረውን ያለችውን አሟጦ በቀኑ ከፈለ። ላለፉት ዓመታት ከሚገባው በላይ የከፈለውን ለማስመለስ ግን፣ የተከፈለ ተከፍሏል ብሎ ሁለት ሳምንት አንገበገበን። በመጨረሻ እህቱ፣ የሩበን እናት፣ ስልክ ደውላ ልክ ልኩን ስትነግረው ማመልከቻውን ፈረመ።

ለራሳችሁ የምትሠሩ ሁሉ እንግዲህ ስሙ። የሥራችሁን ገንዘብ ከጓዳችሁ ገንዘብ ለዩ። ክፍያ በገባ ቁጥር ለግብር የሚሆነውን ቆርሳችሁ ሌላ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጡ፤ ራልፍ አሁን ከአምስት አንዱን ያኖራል፣ የጥር ወርም አያስደነግጠውም። ወጪያችሁን በየሳምንቱ ጻፉ፤ ወጪውን የማያውቅ ሰው ዋጋውንም አያውቅምና ጉዳቱ ከራሱ አልፎ ለሌላው ይተርፋል።

በጸደይ ራልፍ አንዱ ሜትር አርባ አምስት ፓውንድ መሆኑን ለሸለቆው ሁሉ አስታወቀ። ያጉረመረመ ብዙ ነው፤ እኔም በልቤ አጉረምርሜ ከፍያለሁ። ከዚያ ሩበን ቢሮ ሄዶ፣ አሁን ብትመለስ ያኖርሃል ብሎ ጠየቀው። ሩበን የቤት ዕዳ አለብኝ፣ ልጅ አለኝ፣ ወገቤም ወንበር ለምዷል ብሎ በትሕትና እምቢ አለ። የቤይንብሪጅ ታናሹ ልጅ ግን የጭነት መኪናውን ትቶ ወደ ድንጋዩ ተመልሷል።

ባለፈው ሳምንት ከኔ በታች ያለውን ቤት የገዛች ሴትዮ የፈረሰ አጥሯን ልታሠራ ዋጋ ጠይቃ፣ ደንግጣ መጣች።

«በዚህ አገር በርካሽ የሚሠራ ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ።

«ነበረ» አልኳት። «በሠላሳ እያሠራን እኛ በልተነዋል።»